የኤረር በር የዱቤ ደብተር

ከድሬዳዋ ተነስቶ ደንገጎን ሲወጣ ሚኒባሱ ያቃስታል። ተራራው ጫፍ ላይ ሙቀቱ ከኋላ ይቀርና ነፋሱ ፊትን ይመታል። ሐረማያ ይታለፋል፣ አወዳይ ላይ የጫት ጭነትና የሰው ትርምስ መንገዱን ያጣብበዋል፣ ከዚያ ሐረር ነው። መኪናው ሸዋ በር ጋ አወረደኝ። የተቀጠርኩበት ሱቅ ግን በሌላኛው ጫፍ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ኤረር በር አጠገብ ነው። ላፕቶፔን አዝዬ በግንብ የተከበበችውን አሮጌዋን ከተማ፣ ጁገልን፣ ከበር እስከ በር በእግሬ ለማቋረጥ ተነሳሁ።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። የሙያው ልማድ ሆኖ መንገድ ስሄድ ስልኬን አምናለሁ፤ እዚያ ግን ስልኩ ብዙም አልረዳኝም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሳነጹት ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ውስጡ ግን ቀጫጭን መተላለፊያዎች እየተጠማዘዙ ይገባሉ። የግቢዎቹ አጥር ከፍ ያለ ስለሆነ ስልክ ሰማይ ላይ ያሉትን ሳተላይቶች በወጉ አያገኝም። ካርታው ላይ ያለችው ሰማያዊ ነጥብ አንዴ ከግንቡ ወዲያ፣ አንዴ ሰው ጓዳ ውስጥ ትገባለች። መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊዎቹ መካከል ቆሜ ስልኬን ሳገላብጥ አንድ ልጅ አየኝና «አቦ፣ ስልኩን ተወውና ተከተለኝ» አለኝ። ተከተልኩት። ሦስት መስጊድ አለፍን፣ ቁልቁል ወረድን፤ የበሩ ጫጫታ ከሩቅ ተሰማኝ።

ኤረር በርን ሐረሪዎቹ አርጎብ በሪ ይሉታል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ወደ ሐረር የገባው በዚህ በር ነው ይባላል። ዛሬ ከበሩ ደጅ የኦሮሞ ሴቶች ጫት፣ አትክልትና እንጨት ዘርግተው ይሸጣሉ። ከኤረር ሸለቆ በኩል የሚመጣው ገበሬ ምርቱን እዚሁ ያራግፍና በእጁ በገባው ብር ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ይዞ ይመለሳል። ብሩ ያልሞላለት በዱቤ ይወስዳል። የዱቤው ሱቅ ባለቤት እኔ የምሠራላቸው ሐጂ ናቸው።

ቶሮንቶ የሚኖር ልጃቸው የአባቱ ዓይን እየደከመ ስለመጣ የሱቁን ሒሳብ የሚይዝ ሲስተም ከአንድ ድርጅት ገዝቶላቸዋል። የእኔ ድርሻ ደብተሩ ላይ ያለውን ወደ ሲስተሙ ማስገባትና ሱቁ ውስጥ ለሚያግዘው ልጅ ማስተማር ነበር። «ቀላል ሥራ ነው» ብሎኝ ነበር ልጃቸው በስልክ።

ሐጂ ደብተሩን ከመደርደሪያው ሥር አወጡልኝ። ጠርዙ በፕላስተር የታሸገ፣ ዘይት የጠጣ፣ ወፍራም ደብተር ነው። የደንበኛው ስም በአረብ ፊደል፣ ዕቃው በአማርኛ፣ ብሩ በቁጥር ተጽፏል። የተከፈለ ዕዳ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፣ ከታቹ የተከፈለበት ቀን ይጻፋል። የተፋቀ፣ የተቀደደ ወይም በላዩ ላይ የተደለዘ ነገር አላየሁም። «ለምን አይሰርዙትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ የሰረዝኩት ነገር ነገ ቢያጣላን ማን ይመሰክራል?» አሉኝ። በሙያችን የባንክና የትልልቅ ድርጅት ሲስተም የሚሠሩ ሰዎች የደረሱበት ሥርዓት ይኸው ነው፤ የተመዘገበ ነገር አይነካም፣ እርማት ቢኖር ከሥሩ እንደ አዲስ መዝገብ ይገባል። የተገዛው ሲስተም ግን «አርም» የሚል ቁልፍ ነበረው። ቁልፉ ሲነካ የቀድሞው ቁጥር ያለ አንዳች ዱካ ይጠፋል።

ጠዋቱን መመዝገብ ጀመርን። ሲስተሙ መጀመሪያ የደንበኛውን የቤተሰብ ስም ጠየቀ። የአባት ስም አስገባን። ቀጥሎ ኢሜይል ጠየቀ፤ ያለ ኢሜይል አላሳልፍም አለ። ቀጥሎ የስልክ ቁጥር ጠየቀ፤ አንድ ቁጥር ለሁለት ሰው አልቀበልም አለ። እዚህ ደግሞ ባል፣ ሚስትና ወንድም በአንዲት ስልክ የሚጠቀሙበት ቤት አለ። ሐጂ ደንበኞቻቸውን የሚለዩት በሰፈርና በሥራ ነው፤ ሐሰን የሸለቆው፣ ሐሰን ባለአህያው፣ ሐሰን የእነ ፋጡማ ወንድም። ይህ ለእሳቸው መቼም የማይምታታ አድራሻ ነው። ለሲስተሙ ግን የሚገባበት ሳጥን የለውም።

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ከበደ። አንድ ገበሬ ዕዳውን ሊከፍል መጣ። ልጁ ስሙን ፈለገ፤ 1,900 ብር የሚል ወጣ። ገበሬው ደስ ብሎት ብሩን መቁጠር ሲጀምር ሐጂ ከወንበራቸው ቀና አሉና «አይ፣ የእሱስ ከሦስት ሺህ ይበልጣል» አሉ። ገበሬው ፊቱ ተለወጠ። «ኮምፒውተሩ ይዋሻል እንዴ?» አለ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ዝም ብለው ያዳምጣሉ። እኔ መዝገቡን ከፍቼ ሳይ አንዱ ሰው ሁለት ሆኗል። ጠዋት ሐጂ ሲያስጽፉ «ሐሰን» ተብሎ ገብቷል። እኩለ ቀን ላይ ሁለተኛ ዕዳውን ሲያስገባ ልጁ «ሀሰን» ብሎ ፈለገ፣ አላገኘውም፣ አዲስ ደንበኛ አድርጎ መዘገበው። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ አማርኛ አንባቢ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ነው የሚያነበው። ማሽኑ ግን ለሐ እና ለሀ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አሉት፣ ኀም ሌላ ቁጥር አለው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ ናቸው።

ላስረዳ ብዬ ስክሪኑን ወደ ገበሬው ሳዞር መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ነገር ግን ከመብራቱ ጋር ዋይፋዩም ጠፋ። ሲስተሙ በየገጹ ከሰርቨሩ ጋር ካልተነጋገረ አይሠራም። ክብ ምልክቱ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። የስልኬን ዳታ ከፈትኩ፤ ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ሲስተሙ ቆይቶ አስወጣኝና እንደገና የይለፍ ቃል ጠየቀ፣ ከዚያም በአጭር መልእክት ኮድ እልካለሁ አለ። ኮዱ የሚላከው ቶሮንቶ ወዳለው ልጃቸው ስልክ ነው፤ እዚያ ደግሞ ገና ማለዳ ነው።

ሐጂ ምንም አልተናደዱም። ደብተራቸውን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ገጹን ገለጡ፣ በአረብ ፊደል የተጻፈውን ስም በጣታቸው እየተከተሉ ሁለቱንም ዕዳ ከነቀኑ ጮክ ብለው አነበቡለት። ገበሬው «እውነት ነው፣ ሁለተኛውን ለሠርግ ነው የወሰድኩት» አለና ከፈለ። የአረብኛው ሐ ከሌላኛው ህ በደንብ የሚለይ ስለሆነ በእሳቸው ደብተር ላይ ስሙ ለሁለት የሚከፈልበት መንገድ የለም። ያን ቀን የሱቁን ሰላም የጠበቀው ያ ዘይት የጠጣ ደብተር ነው። እኔም የገባሁበት ሙያ ከዚያ ደብተር ጋር ሲነጻጸር ምን እንደሚጎድለው ፊት ለፊት አየሁ።

ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ የገባው በቀላሉ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የሙያ አጋሮቼም እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ፍስሐ አጥላው እና በትምህርታቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶ/ር አበራ ሞላ ያሉ ሰዎች አሜሪካ ተቀምጠው፣ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ለአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሠሩ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ የየራሱ ፎንት በዛ፤ ፊደላችን በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ ተጭኖ ስለነበር በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ሐጂ ቤትም እንዲህ ያለ፣ ፍሎፒ ላይ የተቀመጠ ዝርዝር አግኝቻለሁ፤ ማንበብ አይቻልም። እነ ዳንኤል ያዕቆብ ለዓመታት ከተከራከሩና ከደከሙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል ቋሚ ቦታ ተሰጠው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ይህን ጽሑፍ ማንበብ የምትችሉት ለዚህ ነው። ያ ትውልድ ፊደሉን አስገባልን፤ ልማዱን ማስገባት የእኛ ሥራ ነው። ዩኒኮድ ሐን እና ሀን ለይቶ ማስቀመጡ ልክ ነው፣ ቅርሳችን ነው። ሰው ሲፈልግ ግን አንድ አድርጎ ማግኘት አለበት። መፍትሔው ረጅም አይደለም፦ የተጻፈውን ስም እንዳለ አስቀምጥ፣ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ቅጂ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ሞክሼ ፊደላት አንድ አድርገህ ከጎኑ አኑር።

ሌላው ጣጣ ቀን ነው። ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ዕዳ የመክፈያ ቀን ይጠይቃል። የሐጂ ደንበኞች ደግሞ «ማሽላው ሲሰበሰብ»፣ «ረመዳን ሲወጣ»፣ «ለሹዋል ኢድ» ነው የሚሉት። ሹዋል ኢድ የሹዋል ስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ ሐረሪዎች የሚያከብሩት በዓል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ጨረቃን ተከትሎ ስለሚመጣ በየዓመቱ ቀኑ ይቀያየራል። ሐጂ «ለሹዋል ኢድ» ብለው ሲጽፉ ሁለቱም ወገን መቼ እንደሆነ ያውቃል። ሲስተሙ ግን ቀን፣ ወር፣ ዓመት ካልተሞላለት አይንቀሳቀስም፤ ወሩን የሚመርጡበት ዝርዝርም አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ያለው፣ ጳጉሜ የለችበትም።

ወደ ኮዱ ውስጥ ስገባ ደግሞ የቀን መቀየሪያው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልዩነት ቀንሶ የሚያልፍ ሆኖ አገኘሁት። ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ነገር ግን 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ ስድስት ቀን ሆናለች፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። መቀየሪያው 11 ነው የሚለው። ያ የአንድ ቀን ስህተት ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን እስኪጨምሩ፣ ማለትም በእኛ እስከ የካቲት 21 ድረስ፣ እያንዳንዱ መዝገብ ላይ ይቆያል። በዱቤ ሱቅ የአንድ ቀን ስህተት «ትናንት ከፍያለሁ»፣ «አልከፈልክም» እያሰኘ የሚያጣላ ነገር ነው። የሚያሳዝነው መድኃኒቱ ከተገኘ መቆየቱ ነው። ብርሃኑ በየነ እና ማንፍሬድ ኩድሌክ የቀመሩት ትክክለኛ ስሌት አለ። ጆዳ ታይም እና አይሲዩ የተባሉት በዓለም ዙሪያ የሚሠራባቸው ላይብረሪዎችም የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር በውስጣቸው ይዘዋል። ያንን ፈልጎ ማስገባት ያን ያህል ጊዜ አይወስድም።

መብራቱ ከመሸ በኋላ ተመለሰ። እስከዚያ ከሱቁ ደጅ ተቀምጬ የራሴን ኮድ ስጽፍ ቆየሁ፤ ምክንያቱም እኔ የምሠራበት መሣሪያ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን መሣሪያ፣ ጊትን፣ ሲሠራ እያንዳንዱ ፕሮግራመር ሙሉውን የሥራ ታሪክ በራሱ ማሽን ላይ እንዲይዝ አደረገ። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ትጽፋለህ፣ ትመዘግባለህ፤ መስመር ሲገኝ ከሌሎቹ ጋር ታዋህዳለህ። ለራሳችን ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለባለሱቁ የምንሰጠው መስመር ሲቋረጥ አብሮ የሚሞት ሲስተም መሆኑ ያስቆጨኛል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ አገር ምድሩ ኢንተርኔት ተቋርጦበት ሳምንታት ሲቆጠሩ የሐጂ ደብተር አንድም ቀን ሥራ አልፈታም። ለዚህ አገር የሚሠራ ሶፍትዌር መጀመሪያ ያለ ኔትወርክ መሥራት አለበት፤ ኔትወርኩ ሲመጣ ደግሞ ያጠራቀመውን ይላክ።

ከልጃቸው ጋር በስልክ ተነጋግረን ሥራውን እንደ አዲስ ያዝነው። መዝገቡ በሱቁ ስልክ ላይ እንዲቀመጥ አደረግን። «አርም» የሚለውን ቁልፍ አውጥተን በቦታው ልክ እንደ ደብተሩ መስመር የሚያሰምርና ከሥር የሚጽፍ አስገባን። ለመክፈያ ቀን ከቀን ሌላ በዓልና መኸር እንዲመረጥ ሆነ፤ የሹዋል ኢድ ቀን ሲታወቅ ሐጂ ራሳቸው አንድ ጊዜ ይሞሉታል፣ ዕዳዎቹ ሁሉ ይከተሉታል። የቤተሰብ ስም የነበረው ሳጥን «በምን ይታወቃል?» ሆነ፤ ባለአህያው ሐሰን እዚያ ገባ። ለዕዳ ማስታወሻ አጭር መልእክት ስናዘጋጅ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን፦ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ሲሆን ግን 70 ላይ ያበቃል። ስለዚህ ቃላቱን ከሐጂ ጋር ተቀምጠን እየቆጠርን አሳጠርን፤ ሰላምታውን ግን አልነካሁባቸውም። «ያለ ሰላምታ ዕዳ መጠየቅ ነውር ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ሐረር ላይ ሆኜ ስለ ሙያችን ሳስብ ቤተልሔም ደሴ ትዝ ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በ1999 እዚሁ ሐረር ነው የተወለደችው። በዘጠኝ ዓመቷ የልደቷን ወጪ ለመሸፈን በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ቪዲዮ ማቀናበርና ለደንበኞች ስልክ ላይ ሙዚቃ መጫን ጀመረች። ከዚያ ኮድ መጻፍ ቀጠለች፤ አዲስ አበባ ገብታ አይኮግ በተባለው የቴክኖሎጂ ኩባንያ በኩል ልጆች ኮድ እንዲማሩ የምትሠራ ሆነች። ይህን ታሪክ የምወደው ከሱቅ ስለሚጀምር ነው። መጀመሪያ ደንበኛ ነበረ፣ ደንበኛው የሚፈልገው ነገር ነበረ፤ ዕውቀቱ ያንን ተከትሎ መጣ።

በሐምሌ 2016 የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር ሲጀመር ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ሥልጠናው በነፃ መሰጠቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ወጣቶቹ ሠርተፊኬታቸውን ይዘው ሲወጡ የሚያውቁት ምሳሌ የቤተሰብ ስም ያለው፣ ጳጉሜ የሌለበት፣ መብራት የማይጠፋበት አገር ምሳሌ ከሆነ የሚሠሩት ሲስተምም ለዚያ አገር ይሆናል። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከሠፈሩ አንድ ባለሱቅ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ወይም አንድ ዕድር መርጦ መዝገቡን ገጽ በገጽ ቢያነብ፣ ጸሐፊውን «ይህን ለምን እንዲህ ጻፉት?» እያለ ቢጠይቅ ከብዙ ሰዓት ቪዲዮ የበለጠ ይማራል። መዝገብ የያዘ ሰው ለእያንዳንዱ መስመር ምክንያት አለው።

ከሙያ አጋሮቼ የምለምነው ሌላ ነገርም አለ። ሞክሼ ፊደል አንድ የሚያደርግ ኮድ፣ ጳጉሜን የሚያውቅ የቀን መምረጫ፣ የእኛን ሰዓት አቆጣጠር የሚያሳይ ሰዓት፤ እነዚህን እያንዳንዳችን በየቢሮአችን ተደብቀን ደጋግመን እንጽፋለን። ጂጂጋ ያለው ጽፎታል፣ ባሕር ዳር ያለችው ጽፋዋለች፣ አዲስ አበባ አሥር ቦታ ተጽፏል፤ አንዱ የሌላውን ስህተት ይደግማል። ጁገል ውስጥ በሸሪፍ ሙዚየም የተሰበሰቡትን የድሮ የእጅ ጽሑፎች ሄጄ አይቻለሁ። እነዚያ መጻሕፍት ዘመን የተሻገሩት አንዱ የጻፈውን ሌላው ስለገለበጠው፣ ሦስተኛው ስለጠረዘው፣ ቀጣዩ ስላነበበው ነው። ኮዳችንም እንዲኖር ከፈለግን በግልጽ ቦታ መቀመጥ፣ መገልበጥ፣ መታረምና መጠገን አለበት። ለሐጂ ሱቅ የጻፍኩትን የፍለጋና የቀን ክፍል በልጃቸው ፈቃድ ማንም እንዲወስደው ክፍት አድርጌዋለሁ።

የቀረ ሥራ አለ፤ እሱም ከበሩ ደጅ ነው። ጫት የሚሸጡት እናቶች ዱቤ ይሰጣሉ፣ ዱቤ ይቀበላሉ፤ አብዛኞቹ የያዙት ባለቁልፍ ስልክ ነው፤ ቋንቋቸው አፋን ኦሮሞ ነው። ጎግል በትርጉም አገልግሎቱ አማርኛን እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያስገባ አፋን ኦሮሞ እስከ 2022 ድረስ ጠብቋል። ቴሌብር ግን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በ*127# በተራ ስልክ እንዲሠራ መደረጉ መንገዱን አሳይቷል፤ ኢንተርኔት የሌለው ሰውም አገልግሎት ያገኛል። እኔም በዚያው መንገድ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በአጭር ቁጥር የሚሠራ የዱቤ መዝገብ ልሠራላቸው ተነስቻለሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት ኮድ አልጽፍም። ከበሩ ሥር ከአንዲት እናት አጠገብ እቀመጥና ማን ምን እንደወሰደ፣ መቼ እንደሚከፍል፣ ሲዘገይ ምን እንደሚሉት እሰማለሁ። የእሳቸው ደብተር ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። እሱን በወጉ አንብቤ ሳልጨርስ አንድ መስመር ኮድ አልጽፍም።